የወንበሩን ስፋት የወሰነው ቀረጥ ነው
ለግዙፍ ሰው የሚበቃ መኪና እንዴት ብርቅ ሆነ? ከጀፕስታውን የመኪና መሸጫዎች እስከ አዲስ አበባ ጉምሩክ

በጆሃንስበርግ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ጀፕስታውንን አቋርጦ ወደ ማልቨርን ቀጥ ብሎ የሚዘልቅ ረጅም መንገድ አለ፤ ጁልስ ጎዳና ይባላል። ጎዳናው ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡባቸው ግቢዎቹ ናቸው። ወደዚያ የሚመጣው ገዢ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ ዋጋው ስንት ነው? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ነዳጅ ይበላል ወይ? ቁመቱ የረዘመ ወይም ሰውነቱ የገዘፈ ገዢ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለበት፤ መሪው ሆዱን ሳይነካ፣ ጉልበቱ ከካምቢዮው ጋር ሳይጋጭ፣ ቀበቶው ደርሶለት ይቀመጥበታል ወይ?

ጥያቄው ሲታይ የግል ይመስላል፤ በአንድ ሰው ወገብና በአንድ መኪና በር መካከል የሚያልቅ ጉዳይ። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ገዢው ግቢው ከመድረሱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ጀፕስታውንን በማያውቁ የሕግ አርቃቂዎች ነው። መንግሥታት መኪናን ለመቅረጥና ለመቆጣጠር የሚቆጠር ነገር ይፈልጋሉ። አንዱ የሞተሩን ሲሲ ይቆጥራል፤ ሌላው የውጭ ስፋቱን፤ ሌላው ርዝመቱን፤ ሌላው የመንገደኛውን ቁጥር። ከነዚህ መለኪያዎች መካከል የሚቀመጠውን ሰው አካል የሚለካ አንድም የለም። ፋብሪካዎች መኪናን የሚሠሩት ሕጉ በሚቆጥረው ልክ ስለሆነ፣ ሕጉ ያልቆጠረው ነገር ሁልጊዜ የሚተርፈውን ቦታ ይወስዳል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ በአጭሩ ይህ ነው፤ የመኪና ወንበር ጥበት ከሁሉ በፊት የፖሊሲ ታሪክ ነው፤ ኢትዮጵያም ዛሬ ይህን ታሪክ እንደገና ለመጻፍ ዕድል ካገኙ ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአማርኛ ክብደት የጨመረን ሰው «ተመችቶታል» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ቋንቋው ምቾትንና ሙሉ ሰውነትን በአንድ ቃል አስሯቸዋል። የመኪናው ዓለም ግን ሁለቱን ለያይቶ፣ ሰውነቱ የተመቸውን ሰው የማይመቸው አድርጎታል።

ሁለቱ ጀፒዎች

ጀፕስታውን ከጆሃንስበርግ እጅግ ጥንታዊ ሰፈሮች አንዷ ናት። በዊትዋተርስራንድ ወርቅ በ1886 ከተገኘ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት የተቆረቆረች ሲሆን፣ ስሟንም ያገኘችው መሬቱን ሸንሽኖ ከሸጠው ከጄፕ ቤተሰብ ነው። የከተማዋ የመጀመሪያ በፈረስ የሚጎተት ትራም በ1891 ሥራ ሲጀምር ከጀፕስታውን ተነሥቶ እስከ ፎርድስበርግ ይደርስ ነበር። በ1906 ትራሙ በኤሌክትሪክ ተተካ፤ በ1961 ደግሞ ጨርሶ ቀረ። በዚህ ታሪክ ሰፈሯ ገና ከጅምሩ የመጓጓዣ ሰፈር ነበረች ማለት ይቻላል።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። በጆሃንስበርግ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን «ጀፒ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ጀፕስታውን አይደለም፤ በመሀል ከተማ የሚገኘውን፣ የቀድሞ የሐኪሞች ሕንፃ በነበረው ሜዲካል አርትስ ዙሪያ የተስፋፋውን የንግድ ሰፈራቸውን ነው። ያ ስም የመጣው ጄፕ ጎዳና ከተባለው መንገድ ሲሆን፣ መንገዱ በ2014 በ1956ቱ የሴቶች ሰልፍ መሪዎች በአንዷ በራሂማ ሙሳ ስም ተሰይሟል። ጀፕስታውን የምትገኘው ከዚያ በስተምሥራቅ ነው። ሁለቱን ሰፈሮች የሚያገናኛቸው ከስም ያለፈ ነገር ነው። ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጡት ብዙ ስደተኞች ሥራ የጀመሩት «ሎኬሽን» በሚሉት የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ብርድ ልብስና አልባሳት በዱቤ በመሸጥ ነው። ዕቃውን በትከሻ፣ ቀጥሎ በታክሲ፣ ጥቂት ሲጠራቀም ደግሞ በራስ መኪና ማመላለስ የዕድገት ደረጃ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው መኪና የሚመረጠው ለሰው ሳይሆን ለዕቃ ነው። ከኋላ የሚጫነው ብዛት ይታያል፤ ከፊት የሚቀመጠው ሰው ግን እንደምንም ይታጠፋል።

የረጅሙ ወንበር ዘመን

ፎርድ በ1924፣ ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በ1926 በፖርት ኤልዛቤት የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ሲከፍቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይዘው የገቡት የአሜሪካን ልክ ነበር። እነዚያ መኪኖች ከበር እስከ በር የተዘረጋ አንድ ወጥ የፊት ወንበር ነበራቸው። በኋላ የማርሽ ዘንጉ ከመሪው ሥር ሲሆን ደግሞ በሾፌሩና በአጠገቡ በተቀመጠው ሰው መካከል ምንም የሚከለክል ነገር አልቀረም። ሦስት ቀጫጮች ወይም ሁለት ግዙፎች በአንድ ወንበር በሰላም ይቀመጡ ነበር። የቮልስዋገን ጥንዚዛ እንኳ፣ ከ1951 እስከ 1979 በኡይተንሃግ እየተሠራች በደቡብ አፍሪካ መንገዶች ላይ የሞላችው ትንሿ መኪና፣ ጣሪያዋ ጎበጥ ብሎ ከፍ ያለ በመሆኑ ረጅም ሰው ጭንቅላቱን ሳያጎነብስ ይቀመጥባት ነበር።

ያ ወንበር ቀስ በቀስ ጠፋ። የማርሽ ዘንጉ ወደ ወለል ወረደ፤ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ጠንካራ ሳጥን ተገተረ፤ ወንበሮቹ በመታጠፊያ ላይ ሰውን እንዲይዙ ጎንና ጎናቸው አበጠ፤ በሮቹ የጎን ግጭትን እንዲቋቋሙ ወፈሩ። በአሜሪካ የመጨረሻው ባለ አንድ ወጥ የፊት ወንበር ተራ የቤት መኪና የ2013ቱ ሼቭሮሌ ኢምፓላ ነበር። ከለውጦቹ ብዙዎቹ ሕይወት አድነዋል። አንድ የማይታይ ውጤት ግን አስከትለዋል፤ የመኪናው የውጭ ስፋት ሲጨምር የሾፌሩ ቦታ አብሮ አልጨመረም። ዛሬ በከፍታው የሚያስፈራ የቤተሰብ መኪና ውስጥ የሚገኘው የወንበር ስፋት ከአንድ የድሮ ሴዳን የሚያንስበት ጊዜ አለ። በውጭ ግዙፍ የሆነ መኪና በውስጥ ሰፊ ነው ብሎ መግዛት የተለመደ ስሕተት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ መለኪያ ተተከለ። በ1976 ጄኔራል ሞተርስ ያዘጋጀውና እስከ ዛሬ በግጭት ሙከራ የሚያገለግለው የሙከራ አሻንጉሊት ቁመቱ 175 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 78 ኪሎ ገደማ የሆነ «መካከለኛ ወንድ» ነው። የአሜሪካ የደኅንነት ደንብ ቀበቶ ለማን መድረስ እንዳለበት ሲወስን ትልቁ ሰው ብሎ የያዘው 215 ፓውንድ፣ ማለትም 97 ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ወንድ ነው። ይህ የ1960ዎቹ ልክ ነው። ከዚያ በላይ የሚመዝን ሰው በደንቡ ዓይን የለም ማለት ይቻላል፤ ቀበቶ ቢደርሰው በአምራቹ በጎ ፈቃድ ነው።

ነገሩ ከምቾት ያለፈ ነው። በአሜሪካ የሞት አደጋ መዛግብት ላይ ተመሥርቶ በ2013 የታተመ ጥናት፣ እጅግ ከፍተኛ ውፍረት ያላቸው ሾፌሮች በተመሳሳይ አደጋ የመሞት ዕድላቸው መካከለኛ ክብደት ካላቸው ወደ 80 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ቀላል ነው፤ የወገቡ ቀበቶ በዳሌ አጥንት ላይ ማረፍ ሲገባው በሆድ ላይ ሲያርፍ፣ ሰውነቱ ተይዞ ከመቆሙ በፊት ወደ ፊት ይንሸራተታል። ወንበሩ ስለጠበበው ወደ መሪው የተጠጋ ሾፌር ደግሞ የአየር ከረጢቱ ሲፈነዳ በቅርብ ርቀት ይመታዋል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በደረትና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር እንዲኖር የሚመክረው ለዚህ ነው።

በደቡብ አፍሪካ ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። በ2016ቱ ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት 68 በመቶ የሚሆኑ ሴቶችና 31 በመቶ የሚሆኑ ወንዶች ክብደታቸው ከመደበኛው በላይ ነበር። ከሦስት ሴቶች ሁለቱ የ«መካከለኛ ወንድ» ልክ የማይመለከታቸው ሲሆኑ፣ የተሳሳተው ሕዝቡ ነው ወይስ ልኩ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ በዚያው ዓመት የተደረገው ጥናት ለሴቶች ያገኘው 8 በመቶ ብቻ ነው፤ ይህ ግን የአገር አማካይ ነው። መኪና የሚገዛው ደግሞ በአብዛኛው ከተሜው ነው፤ ክብደት የሚጨምረውም እርሱ ነው።

አራት፣ አራት

የመንገደኛን አካል በቁጥር የመተካት ታሪክ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው በደቡብ አፍሪካ ታክሲዎች ነው። የአፓርታይድ መንግሥት የባቡሩንና የአውቶቡሱን ገበያ ለመጠበቅ የጥቁሮችን ታክሲ በአራት መንገደኛ ወሰነው። ባለ ታክሲዎቹም ትልልቅ የአሜሪካ ሴዳኖችን መረጡ፤ ወንበራቸው ረጅም በመሆኑ ሕጉ ከፈቀደው በላይ ሰው ይችላሉና። በ1977 የወጣው የመንገድ ማመላለሻ ሕግ አውቶቡስን ከዘጠኝ ሰው በላይ የሚጭን ተሽከርካሪ ብሎ ሲተረጉም ሳያስበው ቀዳዳ ከፈተ፤ ስምንት መንገደኛና አንድ ሾፌር የያዘ ኮምቢ አውቶቡስ አይደለምና እንደ ታክሲ ፈቃድ ሊያገኝ ቻለ። በ1988 የትራንስፖርት ቁጥጥርን ያላላው ሕግ ሲወጣ ባለ 16 መቀመጫው ሚኒባስ ሕጋዊ ሆነ። የኢንዱስትሪው መሠረት እንግዲህ የአንድ ቃል ትርጉምና የአንድ ቁጥር ገደብ ነው።

በእነዚህ ታክሲዎች ውስጥ የታወቀ ጥሪ አለ፤ «ፎር ፎር፣ ማሲህላሊሳኔ» ይላሉ፤ በየረድፉ አራት አራት ሆነን ተጠጋግተን እንቀመጥ ማለት ነው። የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል የሚያስተላልፈው መልእክት ከዚህ አይለይም። ሒሳቡን ማስላት ቀላል ነው። ለብዙ ዓመታት የደቡብ አፍሪካን ታክሲ የሸፈነው ቶዮታ ሲያያ የውጭ ስፋቱ 1.69 ሜትር ገደማ ነበር። የግድግዳውን ውፍረት ባንቀንስ እንኳ ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው 42 ሴንቲ ሜትር ነው። የአንድ ጎልማሳ ወንድ የትከሻ ስፋት ግን ከ45 ሴንቲ ሜትር መብለጡ የተለመደ ነው። በዚህ ሒሳብ ቀጭኑም ሰው አይበቃውም፤ ግዙፉ ደግሞ ለረዳቱ እንደ ኪሳራ የሚቆጠር፣ ለጎረቤቱም የሚያማርር ይሆናል። ጥበቱን የፈጠረው የመኪናው ልክ ሆኖ ሳለ ተወቃሹ ሰውነት ነው።

መንግሥት በ1999 ያስታወቀውና በ2006 ሥራ ላይ የዋለው የታክሲ እድሳት መርሐ ግብር አሮጌ ታክሲውን ላስረከበ ባለንብረት 50,000 ራንድ ይከፍል ነበር። በምትኩ የገባው ኳንተም ሰስፊኪሌ የደኅንነት ደረጃን የሚያሟላና ስፋቱ 1.88 ሜትር የሆነ ተሽከርካሪ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በዚያው ሒሳብ 47 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል ማለት ነው። መርሐ ግብሩ በብዙ ነገር ቢተችም፣ መንግሥት የተሽከርካሪን መስፈርት ሲጽፍ የሰው ቦታ ሊሰፋ እንደሚችል ማስረጃ ነው።

በአዲስ አበባም ታክሲ ስሙን ያገኘው ከመቀመጫው አቀማመጥ የሆነበት ጊዜ ነበር። ከኋላቸው በተሸፈነ ጭነት ቦታ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ረጃጅም አግዳሚዎች የተገጠመላቸው መኪኖች «ውይይት» ይባሉ ነበር። አግዳሚው የተከፋፈለ ባለመሆኑ ግዙፉም ቀጭኑም እንደየአካሉ ቦታ ይይዝ ነበር፤ የሚቀንሰው ካለ የሰው ብዛት ነው። ሚኒባሱ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ መቀመጫ የተለካ ሆነ።

የሦስት አገሮች ሕግ በአንድ መኪና ውስጥ

የግል መኪናውን ጥበት ለመረዳት ወደ ጃፓን መሻገር ያስፈልጋል። በጃፓን ሕግ ርዝመቱ ከ4.7 ሜትር፣ ስፋቱ ከ1.7 ሜትር፣ ከፍታው ከ2 ሜትር፣ ሞተሩም ከ2000 ሲሲ የማይበልጥ መኪና በ«አነስተኛ» ምድብ ይመዘገባል። ከአንዱ ልክ በጥቂት ሚሊ ሜትር ያለፈ መኪና ወደ ላይኛው ምድብ ይዛወርና እስከ 1989 ድረስ እጅግ የከበደ ዓመታዊ ግብር ይከፍል ነበር። ለዚህ ነው ያን ዘመን የኖሩ የጃፓን መኪኖች ስፋታቸው 1.69 ሜትር ላይ ተሰልፎ የሚገኘው። ግብሩ በ1989 ተሻሻለ፤ ልኩ ግን በአምራቹ ልማድና በጠባቡ የከተማ መንገድ ምክንያት ቀረ። ቀረጥ ከተሻረ በኋላም መለኪያው በብረት ላይ ይኖራል።

ኮሮላ ይህን በግልጽ ታሳያለች። በ2006 እና በ2007 ቶዮታ መኪናዋን ለሁለት ከፈላት፤ ለጃፓን ገበያ የቀረችው 1.695 ሜትር ስፋት ይዛ ስትቀጥል፣ ለውጭ ገበያ የተሠራችው 1.76 ሜትር ሆነች። በደርባን የተመረተችውም ሰፊዋ ናት። ልዩነቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በትከሻና በበር መካከል ግን ብዙ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ በጁልስ ጎዳና የምትገኘው ኮሮላና ከጃፓን አገልግላ የምትመጣው ኮሮላ ለግዙፍ ሰው ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናቸው።

ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው መኪና በጃፓን ልክ ላይ ሁለተኛ ወንፊት ነበረበት። በ2002 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ መኪናን በሞተር መጠን ከፋፈለ፤ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከ1301 እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። ግብሩ በግብር ላይ ስለሚሰላ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ወደብ ሲደርስ 100 ብር የሚያወጣ መኪና ይታሰብ። 35 በመቶ ጉምሩክ፣ ኤክሳይስ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ በየተራ ሲደመሩ፣ ሞተሩ 1300 ሲሲ ከሆነ ዋጋው 222 ብር ገደማ ይደርሳል። 1500 ሲሲ ከሆነ 273 ብር፤ 2000 ሲሲ ከሆነ ደግሞ 341 ብር ተኩል ይሆናል። መኪናው ሲገዛ ዋጋው እኩል የነበረ ሰው፣ ትልቅ ሞተር በመምረጡ ብቻ 120 ብር ያህል ይጨምራል ማለት ነው።

የአዋጁ ዓላማ ቅንጦትን መቅረጥና ነዳጅን መቆጠብ ነበር፤ ዓላማው ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ችግሩ ሰፊ ወንበርና ትልቅ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አብረው የሚመጡ መሆናቸው ነው። ሞተርን የሚቀርጥ ሕግ ስፋትንም ይቀርጣል። ቁመቱ 1.90 ሜትር የሆነ ወይም 120 ኪሎ የሚመዝን መምህር ሰፊ መኪና የሚፈልገው ለክብር ስላልሆነ ከቅንጦተኛው ጋር አንድ ላይ መቀረጡ ፍትሐዊ አይደለም። ሕጉ ግን ሁለቱን የሚለይበት ዓይን የለውም። ውጤቱ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የሚታይ ነው። ስፋቷ 1.66 ሜትር፣ ርዝመቷ 3.61 ሜትር የሆነችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ከተማዋን ሞላች፤ ብዙዎቹም መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ ናቸው። ለከተማ ትራፊክና ለነዳጅ ወጪ ተስማሚ መኪና መሆኗ አይካድም። ሆኖም የሕዝብ ምርጫ ተብሎ የሚታየው ነገር ትልቁ ክፍል የ1300 ሲሲ መስመር ውጤት ነው።

በ2020 የወጣው አዲሱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በሲሲው ላይ ዕድሜን ጨመረ። አሮጌ መኪና ላይ የተጣለው ታክስ በመቶዎች የሚቆጠር በመቶኛ ሲደርስ፣ ገበያው ወደ አዳዲስ ትንንሽ መኪኖች ዞረ። ከነዚህ ቀዳሚዋ ከሕንድ የምትመጣው ሱዙኪ ዲዛየር ናት። እዚህ ላይ ሦስተኛው አገር ይገባል። ሕንድ በ2006 ርዝመታቸው ከ4 ሜትር፣ የቤንዚን ሞተራቸውም ከ1200 ሲሲ ለማይበልጥ መኪኖች ኤክሳይስን ከ24 ወደ 16 በመቶ ዝቅ አደረገች። ዲዛየር በ2012 ከዚህ መስመር ሥር እንድትገባ ኋላዋ ተቆርጦ 3.995 ሜትር ሆነች። አምስቱ ሚሊ ሜትሮች የቀሩት በመሐንዲስ ጥበብ ሳይሆን በገንዘብ ሚኒስቴር መስመር ነው። ርዝመት ሲገደብ መጀመሪያ የሚጎዳው የእግር ቦታ ነው፤ ረጅሙ ሾፌር ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ከኋላው የሚቀመጥ ሰው ቦታ አይኖረውም።

ይኸው ሕንዳዊ መስመር አሁን ደቡብ አፍሪካም ደርሷል። በርካታ ዋጋቸው መጠነኛ የሆኑ አዳዲስ መኪኖች ከሕንድ ይመጣሉና። የዛሬ አዲስ መኪና የነገ ያገለገለ መኪና ስለሆነ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጁልስ ጎዳና ግቢዎችም በ4 ሜትር ልክ ይሞላሉ።

ያገለገለ መኪና ገበያ ለምን ይሻላል?

ደቡብ አፍሪካ ያገለገሉ መኪኖችን ለንግድ ማስገባትን ትከለክላለች። የራሷን ፋብሪካዎች ለመጠበቅ ነው። በዚህ ምክንያት በጁልስ ጎዳና የሚቆመው መኪና ከዓመታት በፊት በዚያው አገር አዲስ ሆኖ የተሸጠ ነው፤ የሁለተኛው ገዢ ምርጫ በመጀመሪያው ገዢ ምርጫ የተወሰነ ነው። የመጀመሪያው ገዢ ግን ብዙ ጊዜ ሰፊ ነገር ስለሚወድ፣ ፒክአፑ፣ ሰፊዋ ኮሮላና የቤተሰብ ቫኑ በዋጋ ወርደው ይገኛሉ። በኢትዮጵያ ደግሞ ጉምሩኩ የመኪናውን ዓይነት አስቀድሞ ስለሚመርጥ፣ ገዢው የሚያገኘው ወንፊቱን ያለፈውን ነው።

የግቢው ሁለተኛ ጥቅም ሰው ከመክፈሉ በፊት መቀመጥ መቻሉ ነው። ለግዙፍ ሾፌር ከሞተሩ ይልቅ መመርመር የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ወንበሩ ከመሬት ያለው ከፍታ የመጀመሪያው ነው፤ ወርዶ ከመቀመጥ ይልቅ በቀጥታ ገባ ብሎ መቀመጥ ለጉልበትና ለወገብ ይቀላል፤ ፒክአፕና ቫን ተመራጭ የሚሆኑት በዚህ ነው። ቀጥሎ የወንበሩ ጎኖች ያበጡ መሆን አለመሆናቸው፣ መሪው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥና ወደ ውጭም መንቀሳቀሱ፣ ወንበሩ በሐዲዱ ላይ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚሄድ፣ ቀበቶው ሳይወጠር መታሰሩና ከሆድ ሥር በዳሌ ላይ ማረፉ ይታያል። በመጨረሻም ከደረት እስከ መሪው ያለው ርቀት 25 ሴንቲ ሜትር መሙላቱ። እነዚህን መለኪያዎች የሚያሟላ መካከለኛ መኪና ከማያሟላ ግዙፍ መኪና ይበልጣል።

ይህ ገበያ ግን ደካማ መሠረት ላይ የቆመ ነው። በ2019 መስከረም መግቢያ ጀፕስታውንንና አካባቢዋን ባናወጠው በውጭ ዜጎች ላይ ባነጣጠረ ሁከት፣ በጁልስ ጎዳና ባሉ መሸጫዎች የቆሙ መኪኖች ተቃጥለዋል። በአንድ ሌሊት የጠፋው የነጋዴው ካፒታል ብቻ አልነበረም፤ ሥራውን በመኪና የሚሠራ ስደተኛም ሆነ ነባር ነዋሪ በአቅሙ ተቀምጦ የሚመርጥበት ቦታም ጭምር ነው።

ሲሲ የሌለው ዘመን

ኢትዮጵያ በ2022 ለኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ የሚያደርግ ውሳኔ አሳለፈች፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ፣ ለተበታተኑት ዜሮ ሆነ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቀ። ስለ ነዳጅ ምንዛሪና ስለ ኤሌክትሪክ አቅርቦት ብዙ ተብሏል። ያልተባለው ነገር ቢኖር የኤሌክትሪክ መኪና ሲሲ የሌለው መሆኑ ነው። የአገሪቱን መኪኖች ልክ ለሃያ ዓመታት የቀረጸው መለኪያ አንድ ቀን ሳይታሰብ ትርጉም አጣ።

ክፍተቱ ዕድልም አደጋም አለው። ዕድሉ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ትንሽ ስለሆነና ወለሉን የሚያቋርጥ ዘንግ ስለሌለው በተመሳሳይ የውጭ ርዝመት ውስጥ የሚተርፈው ቦታ ብዙ ነው። አደጋው፣ ባትሪው ከወለል ሥር ስለሚነጠፍ ወለሉ ከፍ ይልና ረጅም ሰው ጉልበቱን አጥፎ፣ ጭንቅላቱን ከጣሪያ አስጠግቶ እንዲቀመጥ ያደርጋል። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወሰነው ገበያውን በሚገራው ሕግ ነው። መንግሥት አንድ ቀን ከነዚህ መኪኖች ግብር መሰብሰቡ አይቀርም፤ ያን ጊዜም የሚቆጠር ነገር ይፈልጋል። የባትሪውን መጠን ቢቆጥር አምራቾች ባትሪውን ያሳንሳሉ፤ ርዝመቱን ቢቆጥር ኋላውን ይቆርጣሉ፤ ክብደቱን ቢቆጥር በሌላ በኩል ያጠባሉ። መለኪያ ሁሉ ጥላ አለው፤ ጥላውም በአንድ ሰው አካል ላይ ያርፋል።

ከዚህ ታሪክ ለሕግ አርቃቂ የሚወጡ ሦስት ትምህርቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ቅንጦትን መቅረጥ የሚሻ መንግሥት የቅንጦት ምልክት ነው ብሎ የያዘውን ሞተር ወይም ርዝመት ትቶ ዋጋውን ቢቆጥር ይሻላል። ሁለተኛው፣ ወደ አገር በሚገባ ወይም በአገር በሚገጣጠም ተሽከርካሪ ላይ የሚጣል የደኅንነት መስፈርት ቀበቶ የሚደርሰውን የሰውነት ልክ በግልጽ መወሰን ይችላል፤ ለዚህም አዲስ ቀረጥ አያስፈልግም። የታክሲ ፈቃድ የሚሰጥ የከተማ አስተዳደር ደግሞ የመንገደኛ ቁጥርን ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ መንገደኛ የሚደርሰውን ሴንቲ ሜትር ሊጽፍ ይችላል። ሦስተኛው፣ እነዚህን ለማድረግ የሕዝቡ የሰውነት ልክ መታወቅ አለበት። የደቡብ አፍሪካና የኢትዮጵያ የጤና ጥናቶች ለሐኪሞች የሰበሰቡት ቁጥር ለትራንስፖርት መሐንዲሱም እንዲደርስ ማድረግ የበጀት ጥያቄ አይደለም፤ የሁለት መሥሪያ ቤቶች መነጋገር ነው።

የጃፓኑም ሆነ የ2002ቱ የኢትዮጵያ ቀረጥ ጸሐፊ ስለ ትከሻ ስፋት አስቦ አልጻፈም። ሆኖም የጻፈው መስመር ብረት ሆነ፤ ብረቱም ከጻፈው ሰው ዘመን አልፎ ባሕር ተሻገረ። ዛሬ በአዲስ አበባ የሚጻፈው መስመርም እንዲሁ ከጸሐፊው ይሰነብታል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ግዙፍ ሰው የመኪና በር ከፍቶ ሲገባ የሚያገኘው ምቾት ወይም ጥበት የዚያ ጽሑፍ ውጤት ነው።